የተፈናቃዩ መብትና የአጥቢያው ምስክርነት

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 8 መግቢያ ላይ በስድስት ቁጥሮች ብቻ የተጻፈ ታሪክ አለ። ነቢዩ ኤልሳዕን በቤቷ ትቀበል የነበረችውና ልጇ ከሞት የተነሣላት ሱነማዪቱ ሴት፣ በምድሪቱ ላይ ረኃብ እንደሚመጣ ነቢዩ ስለ ነገራት ቤተ ሰቧን ይዛ ወደ ፍልስጥኤማውያን አገር ተሰደደች። ሰባት ዓመት ቆይታ ስትመለስ ስለ ቤቷና ስለ እርሻዋ አቤት ለማለት ወደ ንጉሡ መሄድ ግድ ሆነባት። በዚያች ሰዓት ንጉሡ ስለ ኤልሳዕ ተአምራት ከአገልጋዩ ከግያዝ ጋር ይነጋገር ነበር። ግያዝም ሴቲቱን ባያት ጊዜ ታሪኩ የእርሷ መሆኑን፣ ከሞት የተነሣውም ይኸው ልጇ መሆኑን መሰከረላት። ንጉሡ ሴቲቱን ራሷን ጠይቆ ሰማ፤ አንድ ሹም መደበላት፤ ንብረቷ ሁሉ፣ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እርሻዋ ያፈራው ሳይቀር፣ እንዲመለስላት አዘዘ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ነቢዩ ክብርና ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ነው። ለዛሬው ትምህርታችን ግን በውስጡ ያለውን የፍርድ ሥርዓት እንመልከት። ባለጉዳዪቱ በራሷ አንደበት ተናገረች። ማንነቷን የሚያውቅ ምስክር ቆመላት። ሥልጣን ያለው አካል ሰማት። ውሳኔውን የሚያስፈጽም ሰው ተመደበላት። ከአራቱ ለቤተ ክርስቲያን በተለይ የሚቀርበው ድርሻ ሁለተኛው ነው። ግያዝ ዳኛም ጠበቃም አልነበረም፤ እንዲያውም በምዕራፍ 5 እንደምናነበው በገንዘብ ፍቅር ወድቆ የተቀጣ አገልጋይ ነው። ሆኖም የሚያውቀውን እውነት በሚያስፈልግበት ሰዓት መናገሩ የአንዲት ቤተ ሰብ ርስት እንዲመለስ ምክንያት ሆነ።

ከእርዳታው እህል በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

አገራችን ባለፉት ዓመታት ያየችውን መፈናቀል ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ እንዲሁም በወለጋና በሌሎች አካባቢዎች በነበሩ ግጭቶች ሕዝብ ከቀዬው ወጥቷል። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል በጎርጎርዮሳዊው 2021 ብቻ በኢትዮጵያ 5.1 ሚሊዮን አዳዲስ መፈናቀሎችን መዝግቧል፤ ይህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ሽሬ፣ መቐለ፣ ሐይቅ፣ ሌሎችም ከተሞች በመጠለያ፣ በትምህርት ቤትና በዘመድ ቤት ተፈናቃዮችን አስጠግተዋል። አብያተ ክርስቲያናትም በራቸውን ከፍተዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠየቀው ስንዴ፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ነው። ኮሚሽናችን ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ አጥቢያዎችም ያውቁታል። ወራት ሲያልፉ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በኮሚቴው ጠረጴዛ ሳይሆን በንስሐ አባቱ ፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነው።

አንዲት እናት እናስብ። ባለቤቷ በሽሽት መንገድ ላይ ሞቷል። ሦስት ልጆች ይዛለች። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጥላው በሄደችው ቤት ቀርቷል። ባለቤቷ በባንክ ጥቂት ገንዘብ ነበረው። ባንኩን ስትጠይቅ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አምጪ ትባላለች። ፍርድ ቤቱ የሞትና የጋብቻ ማስረጃ ይጠይቃል። የኩነት መዝጋቢው መታወቂያሽን ይላታል። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌሽ መሸኛ አምጪ ይላል። የቀድሞው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግን ተቃጥሏል፤ ባይቃጠልም እርሷ ነፍሷን ይዛ የሸሸችው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ በር የሚጠይቀው ወረቀት ሌላው በር የሚሰጠውን ነው፤ ሁሉም ዝግ ናቸው። አንድም ባለሥልጣን በክፋት ላይመልሳት ይችላል፤ ሁሉም የየራሱን መመሪያ እየተከተለ ሴቲቱ ግን ከሕግ ውጭ ትቀራለች።

ይህ ቋጠሮ አንድ ቦታ መፈታት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚፈታውም ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቅ አንድ ተቋም ቃል ነው። በብዙ ገጠሮቻችን ያ ተቋም አጥቢያው ነው፤ ሕፃኑን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ያጠመቀ፣ ጥንዶቹን የባረከ፣ ሙታኑን የቀበረ።

ሕጉ ምን ይላል

ተፈናቃይ ማለት ድንበር ሳይሻገር በገዛ አገሩ የተሰደደ ዜጋ ነው። ስደተኛ ከሚባለው የሚለየው በዚህ ነው። ዜግነቱም፣ መብቱም፣ ግዴታውም አብሮት ተጉዟል። በመጠለያ ስለሚኖር የሚቀነስበት መብት የለም።

የአፍሪካ ኅብረት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ስለ መጠበቅና ስለ መርዳት በካምፓላ ስምምነት ያጸደቀው በጎርጎርዮሳዊው 2009 ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ ስምምነቱ በሩቅ ያለ የመልካም ምኞት ጽሑፍ አይደለም፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሊጠቀስ የሚችል ሕግ ነው።

ከስምምነቱ ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው አንቀጽ 13 ነው። መንግሥት የመታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ሰነዶችን ለተፈናቃዮች እንዲሰጥ፣ የጠፋባቸውንም ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ሳይደረድር እንዲተካላቸው ያዛል። ሴቶችም እንደ ወንዶች እኩል፣ በራሳቸው ስም ሰነድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መታወቂያዋም የእርዳታ ካርዷም በባሏ ወይም በባሏ ወንድም ስም የሆነች ሴት ምን ያህል እንደምትቸገር በመጠለያ ያገለገለ ካህን ያውቃል። አንቀጽ 9 ጥለውት የሄዱት ንብረት እንዲጠበቅ፣ አንቀጽ 11 የንብረት ክርክር በቀለለ ሥርዓት የሚታይበት መንገድ እንዲበጅ፣ አንቀጽ 12 ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚገኝበት ሥርዓት እንዲኖር ይደነግጋሉ።

ከላይ ያነሣናት እናት መሸኛ አምጪ ብትባል፣ ኮሚቴው ለቀበሌው የሚጽፈው ደብዳቤ የአዋጁን ቁጥርና አንቀጽ 13ን ቢጠቅስ፣ የሚለምን ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ ሕግ የሚያስታውስ ደብዳቤ ይሆናል። በትሕትና ይጻፍ፤ ነገር ግን ይጻፍ። መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ በቃል የተነገረ እምቢታ ይግባኝ የለውምና።

የምስክርነት ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የተወለዱትና የተጋቡት አብዛኞቹ የገጠር ምእመናን የመንግሥት ማስረጃ የላቸውም። ያላቸው የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የሰው ትዝታ ነው።

ፍርድ ቤቶች ይህን ይረዳሉ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል። የጋብቻ ማስረጃ ወረቀት በማይገኝበት ጊዜም፣ ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው ይኖሩ እንደ ነበር፣ ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ ይቆጥራቸው እንደ ነበር በአራት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። የክልሎች የቤተ ሰብ ሕጎችም በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። እንግዲህ የአጥቢያው ደብዳቤ የጋብቻ ማስረጃ ወረቀቱን አይተካም፤ መዝጋቢው ወይም ዳኛው የሚመዝነው ማስረጃ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከማኅተሙ ትልቅነት ሳይሆን ከይዘቱ ትክክለኛነት ነው።

ሁለቱ ማስረጃዎች፣ የጋብቻውና የልጆቹ፣ ለምን ተለይተው እንደሚያስፈልጉ ኮሚቴው ቢያውቅ መልካም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ወራሾች በመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ናቸው። ሚስት ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ የምትወስደው ሚስት በመሆኗ እንጂ ወራሽ በመሆኗ አይደለም። ስለዚህ ለእርሷ ድርሻ የጋብቻ ማስረጃ፣ ለልጆቿ ድርሻ የልጅነት ማስረጃ ያስፈልጋል። የጥምቀት መዝገባችን የአባትን ስም ከልጁ ስም ጋር ይዞ ከሆነ ለወላጅ አልባው ሕፃን ከወርቅ ይበልጣል። (በብዙ መዝገቦች የክርስትና ስም ብቻ ተጽፎ የዓለም ስም አለመጻፉ ያሳዝናል። ወልደ ሚካኤል የተባለው ሕፃን የትኛው እንደ ሆነ ከ20 ዓመት በኋላ ማን ይለያል? ሁለቱም ስሞች፣ የአባትና የእናት ሙሉ ስምም አብረው ይጻፉ።)

ደብዳቤው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ በመዝገብ የተጻፈውን፣ ጸሐፊዎቹ በዓይናቸው ያዩትን፣ ከሰው የሰሙትን። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ወይዘሮ እገሊት የአጥቢያችን ምእመን እንደ ነበሩ፣ ከአቶ እገሌም ጋር በዚህ ዓመተ ምሕረት በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን መጋባታቸው በአጥቢያችን መዝገብ ተጽፏል። ሦስቱን ልጆቻቸውን ያጠመቅን፣ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ካህናት ነን። የባለቤታቸውን ሞት ከቤተ ሰቡ ሰምተናል፤ በዓይናችን ግን አላየንም፤ ሥርዓተ ቀብሩንም እኛ አልፈጸምንም።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደብዳቤውን ያዳክማል ብለው የሚፈሩ አሉ። በእኛ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒ ነው። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ምስክር የሚያውቀውን ሲናገር ይታመናል።

መዝገቡ ራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጥሎ ከሆነስ? ካህናቱም ከምእመናኑ ጋር ተፈናቅለው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በመጠለያው ያሉ የአጥቢያው ካህናት፣ ዲያቆናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የክርስትና አባቶችና እናቶች ተሰብስበው የሚያስታውሱትን በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፤ ማን ምን እንዳየ በየስሙ ይጻፍ፤ ሁሉም ይፈርሙ። ቃለ ጉባኤው ለሚመለከተው ወረዳ ቤተ ክህነት ይቅረብ። እነዚህ ሰዎች ኋላ በፍርድ ቤት ምስክር ሆነው ሊጠሩ ስለሚችሉ የት እንደሚገኙም ይመዝገብ፤ ተፈናቃይ ከመጠለያ መጠለያ ይዘዋወራል፤ ምስክር አብሮ ይጠፋል።

የዲጂታል መታወቂያው፣ ፋይዳ የሚባለው፣ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት አሠራር አለው። ሌላው በር ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ መጀመሪያ የሚንኳኳው በር እርሱ ሊሆን ይችላል።

ርኅራኄ ወደ ሐሰት ሲመራ

አሁን አስቸጋሪ ወደ ሆነው ነገር እንምጣ። ካህኑ ሩኅሩኅ ነው። የምታለቅስ ሴት ፊቱ ቆማለች። የማያውቃትን «አውቃታለሁ»፣ ያላጠመቀውን «አጥምቄዋለሁ» ብሎ ቢፈርም ማንን ይጎዳል? ነገሩ በጎ ሥራ ይመስላል።

የናቡቴን ታሪክ እናስታውስ። በኢይዝራኤል የነበረውን የወይን ቦታ ከባለቤቱ የነጠቁት ሠራዊትና ሰይፍ አይደሉም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤና ሁለት የሐሰት ምስክሮች ናቸው። በሐሰት የተጻፈ ደብዳቤ አንዱን ሲጠቅም፣ የማናየውን ሌላ ሰው፣ ምናልባትም በሌላ መጠለያ ያለች እውነተኛዋን ሚስት ወይም የመጀመሪያ ትዳር ልጆችን፣ ይነጥቃል። በተጨማሪም አንድ የሐሰት ደብዳቤ የተገለጠ ዕለት የዚያ አጥቢያ እውነተኛ ደብዳቤዎች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ፤ ሐሰተኛ ምስክርነትም በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ደብዳቤ በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ አይውጣ፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ቅጂው ይቀመጥ። ለተፈናቃይ የሚጻፍ የምስክርነት ደብዳቤም በምንም ስም ክፍያ አይጠየቅበት። የሚሸጥ ምስክርነት መጨረሻው የናቡቴ ነው።

በኑዛዜ የተሰማ ነገር በደብዳቤም በፍርድ ቤትም አይገባም። ንስሐ አባት እንደ ጎረቤትና እንደ አገልጋይ ያየውን ሊመሰክር ይችላል፤ በንስሐ የሰማውን ግን ባለጉዳዩ ቢጠቀምበትም እንኳ አይናገርም። ሁለቱ በአእምሮው የተቀላቀሉበት አባት ሌላ ካህን እንዲመሰክር ቢያደርግ ይሻላል።

የት እንደ ደረሰ ያልታወቀ ባል

ከሞተው ይልቅ የጠፋው ያስጨንቃል። ባሏ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ሴት ሚስትም መበለትም አይደለችም። ቤተ ሰቡ ተስፋ ቆርጦ ፍትሐት አድርጎለት፣ ተዝካሩን አውጥቶለት ሊሆን ይችላል። ይህ የጸሎት ሥርዓት እንጂ የሞት ማስረጃ አይደለም። አጥቢያው ፍትሐት መደረጉን ብቻ ይመስክር፤ «ሞቷል» ብሎ አይጻፍ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ውሳኔው በንብረትም በትዳርም ላይ ውጤት አለው፤ በቤተ ሰብ ሕጉ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሴቲቱ ሁለቱ ዓመታት ከማለፋቸው በፊት ማስረጃዎቿን ማሰባሰብ ትችላለች፤ መቼ እንደ ተለያዩ፣ ማን መጨረሻ እንዳየው፣ የት የት እንደ ፈለገችው፣ የትኛው የቀይ መስቀል ወይም የፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንዳመለከተች። በሕግ የፈረሰ ትዳር ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ፊት ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል። እንዲህ ያለች ሴት እንደገና ለማግባት ስትጠይቅ የአጥቢያው ካህን በራሱ አይወስን፤ ለሀገረ ስብከቱ ያቅርብ። እስከዚያው ግን ማንም እንዳይነቅፋት ይጠብቃት።

ጥለውት የሄዱት መሬት

መሬት ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የይዞታ ደብተሩ ቢጠፋም መብቱ አብሮ አይጠፋም፤ የወረዳው መሬት አስተዳደር መዝገብ ይዟልና ቅጂ ይጠየቅ። በብዙ ክልሎች ደብተሩ በባልና በሚስት ስም በጋራ የተሰጠ ስለ ሆነ ሚስት በራሷ መብት ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የክልል የመሬት ሕጎች ባለይዞታው መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ጥሎ ሲጠፋ መብቱን የሚያጣበትን ሁኔታ ይደነግጋሉ፤ የዓመቱ ቁጥር እንደየክልሉ ይለያያል። በግጭት መፈናቀል በፈቃድ ትቶ መሄድ እንዳልሆነ ግልጽ ቢሆንም፣ ዝም ያለ ሰው ኋላ ይህን ማስረዳት ይከብደዋል። ስለዚህ የተፈናቀለው ሰው መሬቱን እንዳልተወ በጽሑፍ ለወረዳው ያሳውቅ፤ የገባበትን ቁጥር ይያዝ። ይዞታ በሌላ ሰው ሲነጠቅ የሚቀርበው የሁከት ይወገድልኝ ክስም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሁለት ዓመት ገደብ አለው። ሰላም እስኪወርድ ልጠብቅ የሚለው ሰው ሁለቱ ዓመታት በመጠለያ ውስጥ እንደሚያልፉ አያስተውልም። ሌላ የክስ መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ ግን የቀለለው መንገድ ተዘግቶበታል። ይህን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊነግረው የሚችል ሰው ማን ነው? ጠበቃ ወደ መጠለያ በየቀኑ አይመጣም፤ ካህን ግን ይመጣል።

ሦስተኛው ውክልና ነው። የተቸገረ ሰው የቀረው ዘመዱ መሬቱን እንዲጠብቅለት ውክልና ይሰጣል፤ ምን እንደ ፈረመ ግን አያውቅም። በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ለመሸጥና ለመለወጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችለው ሰው ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ያንብብለት፤ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ» የሚሉ ቃላት ካሉ ለምን እንደ ገቡ ይጠይቅ። የገጠር መሬት ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፤ ሆኖም በችግር ሰዓት «ሽጥልኝና ልርዳህ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሽምግልና የማይገባበት ቦታ

አባቶቻችን በሽምግልና ብዙ ደም አድርቀዋል። በሁለት ተፈናቃይ ቤተ ሰቦች መካከል ስለ እርዳታ ድርሻ ወይም ስለ ድንኳን ቦታ ጠብ ሲነሣ ከካህን የተሻለ አስታራቂ የለም። በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የመድፈር ጥቃት ግን በእርቅና በካሣ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። አስገድዶ መድፈር የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፤ የተጎዳችው ዝም እንድትል ወይም የደፈራትን እንድታገባ መምከር ሁለተኛ በደል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ወደ ካህን ጆሮ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ የሕክምና ማስረጃውም በዚያው ይያዛል። ክሱን ማቅረብ አለማቅረብ ሰዓቱ ሲደርስ እርሷ የምትመክርበት ነው፤ ማስረጃው ግን በኋላ አይገኝም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙባቸው ማዕከላት አሉ። ስሟ በኮሚቴ ስብሰባ አይነሣ፤ በቃለ ጉባኤም አይጻፍ።

ወደ ማን እንላክ

በየሕግ ትምህርት ቤቱ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለአጥቢያዎች በጣም የሚቀርቡት ናቸው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቐለ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሐረማያ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለሕፃናት ያለ ክፍያ ይመክራል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የተፈናቃዮችን ጉዳይ በተለይ ይከታተላል፤ አቤቱታም ይቀበላል። በወንጀል የተከሰሰ አቅመ ደካማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ፍትሕ እንዳይጓደል ሲባል መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የመጠየቅ መብት አለው። የጥብቅና ሕጉም ጠበቆች ለአቅመ ደካሞች ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠብቅባቸዋል። በሰበካችን ምእመን የሆነ ጠበቃ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ ወይም የሕግ ተማሪ ካለ መጀመሪያ እርሱን ማነጋገር ነው፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም አይጠፉም።

የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደኃ ደንብ ሊከስ ይችላል። ችግሩ በተለምዶ ለድህነቱ የቀበሌ ማረጋገጫ መጠየቁ ነው፤ የተፈናቀለው ደግሞ ቀበሌ የለውም። በዚህ ጊዜ የመጠለያው አስተባባሪ ደብዳቤና የሰበካ ጉባኤው ምስክርነት አብረው ይቅረቡ፤ ባለጉዳዩም ያለውንና የሌለውን በመሐላ ዘርዝሮ ያስገባ።

ኮሚቴው ራሱ ጠበቃ ለመሆን አይሞክር። ክስ መጻፍ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው መለየት፣ የይርጋ ዘመን ማስላት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ይህም ጽሑፍ የባለሙያን ምክር አይተካም። የኮሚቴው ሥራ ሰውየውን በጊዜ፣ ወረቀቱን አሟልቶ፣ የጉዞ ገንዘቡን ሰጥቶ፣ ብቻውን የሚፈራ ከሆነም አንድ ሰው አስከትሎ መላክ ነው። የቢሮ በር ላይ ሦስት ጊዜ «ነገ ና» የተባለ ገበሬ አራተኛ አይመለስም፤ አብሮት የሚቆም ዲያቆን ካለ ግን ይመለሳል።

በመጨረሻም ገና ሰላም ላለው አጥቢያ አንድ ሥራ አለ። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቡ አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ፣ ቅጂው በቤተ ልሔሙ ወይም በዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ፣ አንድ ሌሊት የሚነሣ እሳት የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ስምና ዝምድና ይወስዳል። ሁለት ወጣቶች በስልካቸው ካሜራ ገጽ በገጽ ቢያነሡት የአንድ ቀን ሥራ ነው። አንዱ ቅጂ በወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም የአዲሶቹ ገጾች ፎቶግራፍ ይጨመርበት። ምእመናንም የይዞታ ደብተራቸውንና መታወቂያቸውን እንዲሁ አንሥተው በሌላ ከተማ ላለ ልጃቸው ወይም ዘመዳቸው እንዲልኩ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራቸው።